ቦነስ አክሲዮን፦ የወረቀት ብዛት ወይስ የሀብት ዕድገት?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ሰኞ ማለዳ የሙምባይ የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት የሪላየንስ ኢንዱስትሪስ አክሲዮን ዋጋ በግማሽ ወርዶ ታየ። ዓርብ ገበያው ሲዘጋ ከ2,650 ሩፒ በላይ ነበር፤ ሰኞ በ1,340 ሩፒ አካባቢ ጀመረ። የደነገጠ ግን አልነበረም። ኩባንያው ለአንድ ነባር አክሲዮን አንድ ቦነስ አክሲዮን አድሎ ስለነበር የአክሲዮኖቹ ብዛት ከ6.77 ቢሊዮን ወደ 13.53 ቢሊዮን ገደማ ከፍ ብሏል። ዓርብ ማታ 100 አክሲዮን የነበረው ሰው ሰኞ ጠዋት የ200 ባለመብት ሆነ፤ የያዘው ሀብት ግን ያው የዓርቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሕዝቡ የሚደሰተው በምንድን ነው? የቦርድ ሰብሳቢው ሙኬሽ አምባኒ ሐሳቡን ከሁለት ወር በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ባሳወቁ ዕለት የአክሲዮኑ ዋጋ በመጠኑም ቢሆን ከፍ ብሎ ነበር። ምንም አይጨምርም የሚባል ነገር ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዳኞችን፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትን፣ ግብር ሰብሳቢዎችንና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን ሲያከራክር ኖሯል። ይህ ዳሰሳ ክርክሩን ከአሜሪካ ተነሥቶ በሕንድና በቻይና በኩል ወደ እኛ አገር ባንኮች ጉባኤ ያደርሰዋል። የውጭ አገሮቹ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሠራሩ

ቦነስ አክሲዮን ሲሰጥ ኩባንያው ሳያከፋፍል ካቆየው ትርፍ ወይም አክሲዮን ከፓር ዋጋ (በአክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ) በላይ ሸጦ ካጠራቀመው ገንዘብ የተወሰነውን፣ “መጠባበቂያ” ከሚለው የሒሳብ መደብ አንሥቶ “የተከፈለ ካፒታል” ወደሚለው ያዛውራል። በተዛወረው ልክ አዳዲስ አክሲዮኖች አውጥቶ ለባለአክሲዮኖቹ እንደየድርሻቸው ያድላል። ከኩባንያው ካዝና የወጣም የገባም ሳንቲም የለም። ፋብሪካው፣ ዕዳው፣ ደንበኛው እንደነበረ ነው። የ200 ብር ኖት ሰጥቶ ሁለት ባለ100 ብር ኖቶች የተቀበለ ሰው አልከበረም፤ አልደኸየምም።

ስለዚህ ቦነስ በራሱ ሀብት ይፈጥራል ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ አይፈጥርም። ዓመታት የፈጀው ክርክር በሌላ ላይ ነው፤ ቦነሱን ተከትሎ ወይም ተጠግቶት የሚመጣ ነገር አለ ወይ? ካለስ ማን ያገኘዋል?

1916–1922፦ አሜሪካ፣ ግብርና ፍርድ ቤት

በጃንዋሪ 1916 የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ለባለአክሲዮኖቹ የ50 በመቶ ቦነስ አደለ። 2,200 አክሲዮን የነበራቸው ሚርትል ማኮምበር የተባሉ ሴት 1,100 አዲስ አክሲዮን ደረሳቸው። መንግሥት ከዚህ ውስጥ በፓር ዋጋ 19,877 ዶላር የሚያወጣውን ገቢ ነው ብሎ ግብር ጠየቀ። ሴትዮዋ ከፍለው ከሰሱ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ፍርድ ቤቱ በማርች 1920፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለማኮምበር ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ማሎን ፒትኒ ነበሩ። ባለአክሲዮኗ የያዙት የኩባንያ ድርሻ በመቶኛ አልጨመረም፤ ከኩባንያው የወጣ ነገርም የለም፤ ስለዚህ ገቢ አላገኙም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። የቦነስን ባዶነት ከዚህ በላይ በግልጽ የመሰከረ ሰነድ ማግኘት ይከብዳል። ያውም ምስክርነቱ የተሰጠው ባለአክሲዮኗን ለመጥቀም ነው።

በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ግን ነገሩን ከነጋዴ ወገን አዩት። ኩባንያው ዲቪደንዱን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ በዚያው ገንዘብ አዲስ አክሲዮን እንዲገዙ ለባለአክሲዮኖቹ ዕድል ቢሰጥ ውጤቱ አንድ ነው፤ በአንደኛው መንገድ ግብር ተከፍሎ በሌላው የሚቀርበት ምክንያት የለም አሉ። በድምፅ ተሸነፉ፤ ነጋዴው ግን ልዩነቱን ወዲያው ተረዳ። ጥሬ ገንዘብ ያስገብራል፤ ወረቀት አያስገብርም። በ1922 የአሜሪካ ኩባንያዎች ቦነስ እንደ ጎርፍ ለቀቁት፤ የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ለአንድ አክሲዮን አራት ሰጠ። ባለአክሲዮኖቹ በዚህ ያገኙት እውነተኛ ጥቅም የተዘለለው ግብር ነው። ቦነሱ የጥቅሙ መንገድ እንጂ ምንጩ አልነበረም።

1969፦ ዋጋው የሚጨምረው መቼ ነው?

ክርክሩን ከዳኞች ጽሕፈት ቤት ወደ ቁጥር የወሰዱት አራት ተመራማሪዎች ናቸው፦ ፋማ፣ ፊሸር፣ ጄንሰንና ሮል። በ1969 ባሳተሙት ጥናት ከ1927 እስከ 1959 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተካሄዱ 940 የአክሲዮን ክፍፍሎችን (ነባሩን አክሲዮን ወደ ብዙ ትንንሽ አክሲዮኖች መከፋፈልን) እና ትልልቅ ቦነሶችን መረመሩ። የአክሲዮኖቹ ዋጋ ከጠቅላላው ገበያ በልጦ የሚያድገው ከክፍፍሉ በፊት ባሉት ወራት ሆኖ ተገኘ። ከክፍፍሉ በኋላ በአማካይ የተለየ ዕድገት አልታየም።

የጥናቱ ትልቅ ቁም ነገር ግን የሚቀጥለው ነው። ኩባንያዎቹን በሁለት ከፈሏቸው፤ ከክፍፍሉ በኋላ ዲቪደንዳቸውን ያሳደጉና ያላሳደጉ። ያሳደጉት ከክፍፍሉ በፊት ያገኙትን የዋጋ ዕድገት አጸኑት። ያላሳደጉት ከክፍፍሉ በፊት በመጨረሻዎቹ ወራት ያገኙትን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ መልሰው አጡት። ገበያው የዲቪደንድ ተስፋ ነበር የገዛው፤ ተስፋው ሲቀር ዋጋውም ቀረ።

ኋላ የመጡ ጥናቶች ሥዕሉን በከፊል ለወጡት። በ1984 ግሪንብላት፣ ማሱሊስና ቲትማን የክፍፍል ማስታወቂያ በወጣበት ወቅት ዋጋ በአማካይ 3 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳዩ። ኢከንቤሪና ባልደረቦቹ በ1996፣ ከ1975 እስከ 1990 አንድ አክሲዮናቸውን በሁለት የከፈሉ ኩባንያዎችን ተከታትለው በመጀመሪያው ዓመት ከገበያው 8 በመቶ ያህል እንደበለጡ መዘገቡ። የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፦ የወደፊቱ የሚያሰጋው ሥራ አስኪያጅ የአክሲዮኑን ቁጥር አብዝቶ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ አይደፍርም፤ የሚደፍረው የሚተማመን ነው። ቦነስ እንግዲህ አዋቂ የሰጠው ጥቆማ ይሆናል። ጥቆማ ደግሞ የሚታመነው ሐሰቱ ዋጋ የሚያስከፍል እስከሆነ ድረስ ነው። ሁሉም በቀላሉ የሚሰጠው ከሆነ ምንም አይነግርም።

ሕንድ፦ ከፈቃድ ዘመን እስከ ኢንፎሲስ

ቦነስን እንደ ሕንድ ባህሉ ያደረገ ገበያ ማግኘት ያስቸግራል፤ የባህሉ ሥር በፈቃድ ዘመን ነው። በ1947 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ኩባንያ ቦነስ ለመስጠት ሳይቀር የካፒታል አወጣጥ ተቆጣጣሪውን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ይህ እስከ 1992 ቀጠለ። ዲቪደንድ የሚነገረው ደግሞ ከፓር ዋጋ በመቶኛ ነበር። ባለ10 ሩፒ አክሲዮን 20 በመቶ ሲከፍል 2 ሩፒ ማለት ነው። አንድ ለአንድ ቦነስ ተሰጥቶ 20 በመቶው ሳይነካ ከቀጠለ የባለአክሲዮኑ ጥሬ ገንዘብ በእጥፍ አደገ። በ1974 መንግሥት በሕግ የዲቪደንድ ክፍያን ለጊዜው ሲገድብ በመቶኛውን ማሳደግ ጭራሽ አስቸጋሪ ሆነ። በዚያ ዘመን የሕንድ ባለአክሲዮን ቦነስ ሲሰማ ቢደሰት ተላላ ስለሆነ አልነበረም፤ ከጀርባው የሚመጣውን ጥሬ ገንዘብ በልምድ ያውቀዋል።

በ1992 ቁጥጥሩ ተነሣ፤ ደስታው ግን አልጠፋም። ያንን ደስታ ወደ አፈ ታሪክ የለወጠው የሶፍትዌር ኩባንያው ኢንፎሲስ ነው። ኩባንያው በ1993 አክሲዮኑን በ95 ሩፒ ለሕዝብ ሲያቀርብ በቂ ገዢ እንኳ አላገኘም ነበር። ያኔ 100 አክሲዮን በ9,500 ሩፒ ገዝቶ ሳይሸጥ የቆየ ሰው፣ በ1994፣ በ1997ና በ1999 አንድ ለአንድ፣ በ2004 ለአንድ ሦስት፣ በ2006፣ በ2014፣ በ2015ና በ2018 እንደገና አንድ ለአንድ ቦነስ ደርሶታል። በ2000 የተደረገው ክፍፍል ሲጨመር 100 አክሲዮኑ 102,400 ሆነ።

ይህን ስሌት የሚያወራ ሁሉ ጭብጨባውን ለቦነሱ ይሰጣል። ኢንፎሲስ አንድም ቦነስ ሳይሰጥ፣ ክፍፍልም ሳያደርግ ቢኖር ኖሮ ግን ያ ሰው ዛሬ እያንዳንዳቸው 1,024 እጥፍ ውድ የሆኑ 100 አክሲዮኖች ይኖሩት ነበር። ያከበረው የኩባንያው ሥራ ነው። ዓመታዊ ገቢው በ1999 100 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በ2004 1 ቢሊዮን፤ በማርች 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከ18 ቢሊዮን በላይ። የቦነሶቹ ዓመታትና የገቢው እመርታ ጎን ለጎን ሲታዩ የትኛው ጎታች፣ የትኛው ተጎታች እንደሆነ ይለያል።

ማስረጃው እዚያው ሕንድ ውስጥ አለ። የጎማ አምራቹ ኤም.አር.ኤፍ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ቦነስ አልሰጠም። በጁን 2023 የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ 100,000 ሩፒ ሲያልፍ በሕንድ የመጀመሪያው ሆነ። ባለአክሲዮኖቹ የአክሲዮናቸው ቁጥር ሳይበዛ ከበሩ። ለቦነስ የሚቀርብለት ጥሩ መከራከሪያ ዋጋው ሰማይ የነካ አክሲዮን አነስተኛ አቅም ላለው ገዢ አይደርስም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አንድ አክሲዮን ለመግዛት 100,000 ሩፒ የሌለው ሰው ከበር ይመለሳል። ጥቅሙ ግን ለአዲስ ገቢው ነው፤ ነባሩ ባለአክሲዮን የሚያገኘው በገበያው መስፋት በኩል የሚመጣ ትንሽ ነገር ነው።

2008፦ እውነተኛ ስጦታ የሆነው ቦነስ

ከዚህ ሁሉ የተለየው የኃይል ማመንጫ ኩባንያው ሪላየንስ ፓወር ነው። በጃንዋሪ 2008 በ450 ሩፒ (ለአነስተኛ ገዢ በ430) አክሲዮን ሲያቀርብ ለሽያጭ ከቀረበው 70 እጥፍ በላይ ተጠየቀ። በፌብሯሪ 11 መገበያየት ሲጀምር በዚያው ቀን ወደ 372 ሩፒ ወረደ። ብዙዎቹ ገዢዎች አክሲዮን ገዝተው የማያውቁ ነበሩና ቁጣው በረታ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቦርዱ ለአምስት አክሲዮን ሦስት ቦነስ እንደሚሰጥ አሳወቀ፤ ዋነኞቹ ባለቤቶች ግን አይካተቱም።

ጉዳዩን የለወጠው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ሁሉም እኩል ቢያገኝ ኖሮ የማንም ድርሻ አይነቃነቅም ነበር። እዚህ ግን ባለቤቶቹ ዝም ብለው ሲቆሙ የሕዝቡ አክሲዮን ስለበዛ የባለቤቶቹ ድርሻ ከ90 በመቶ ገደማ ወደ 85 በመቶ ገደማ ወረደ። በ450 ሩፒ የገዛ ሰው አማካይ ወጪው 281 ሩፒ ከ25 ፓይሳ ሆነ። ሀብት በእርግጥ ተላለፈ፤ የተላለፈው ግን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ሪላየንስ ኢነርጂ የራሱ ሕዝባዊ ባለአክሲዮኖች ስለነበሩት እንዳይጎዳ የኩባንያው ሰብሳቢ አኒል አምባኒ (የሙኬሽ ወንድም) ከግል ድርሻቸው ማካካሻ ሰጡ። ስጦታ ሲሆን ሰጪው በስም የሚታወቅ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ፍጻሜው ግን አላማረም። ኩባንያው የታለመለትን ያህል የኃይል ማመንጫ አልገነባም፤ በማርች 2020 አክሲዮኑ ከ2 ሩፒ በታች ወርዶ ነበር። እውነተኛው ቦነስ እንኳ የኩባንያውን ውድቀት ሊሸፍን አልቻለም።

ከ2015 ወዲህ፦ ብልጠቱና ቁጥጥሩ

ያለፉት አስር ዓመታት የቦነስን ጓዳ ገልጠው አሳይተዋል። በቻይና ለ10 አክሲዮን 20 ወይም 30 የሚያድሉ ኩባንያዎች በዝተው ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ ዋጋው ይሰቀላል፤ ትልልቆቹ ባለድርሻዎች በጭብጨባው መሐል ሸጠው ይወጣሉ። በኖቬምበር 2018 የሻንጋይና የሼንዘን ገበያዎች ያወጡት መመሪያ ትልልቅ ቦነሶችን ከትርፍ ዕድገት ጋር አሰረ። ዋና ባለድርሻዎች ከማስታወቂያው በፊት ባሉት 3 ወራት ከሸጡ፣ ወይም በሚቀጥሉት 3 ወራት ለመሸጥ ካቀዱ እንዲህ ያለ ቦነስ ማስታወቅን ከለከለ። መመሪያው የተጻፈው ጥቆማው ሐሰት መሆን በጀመረበት ሰዓት ነው።

በሕንድ ብልጠቱ በግብር በኩል ነበር። አንድ ሰው ቦነስ ሊሰጥ ሲል 100 አክሲዮን በ200 ሩፒ ይገዛል። አንድ ለአንድ ቦነስ ሲደርሰው ዋጋው ወደ 100 ይወርዳል። የገዛቸውን 100 አክሲዮኖች ሸጦ የ10,000 ሩፒ ኪሳራ ያስመዘግብና ከሌላ ትርፉ ላይ ያቻችላል፤ ለግብር ስሌት የግዢ ዋጋቸው ዜሮ የሆኑትን ቦነሶች ደግሞ ያስቀምጣል። በሀብቱ ላይ ምንም ሳይደርስ ግብሩ ይቀንሳል። በ2022 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ይህን በር በአክሲዮን ላይ ዘጋው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የመዋቢያ ዕቃ ሻጩ ናይካ፣ ነባር ባለሀብቶች እንዳይሸጡ የታገዱበት ጊዜ በሚያበቃበት ሰሞን ለአንድ አምስት ቦነስ መስጠቱ፣ ነገሩ ሻጮችን ለማዘግየት የታሰበ ነው የሚል ትችት አስነሣ። የ2013ቱ የሕንድ የኩባንያዎች ሕግም በአንቀጽ 63 ላይ ቦነስ በዲቪደንድ ፈንታ ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ደንግጓል።

የቅርቡ ማዕበል በዚህ ሚዛን ሊታይ ይችላል። ሪላየንስ በ2024 ከቦነሱ በፊት በአንድ አክሲዮን 10 ሩፒ ዲቪደንድ ይከፍል ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት 5.50 ከፈለ። ባለአክሲዮኑ ለአንድ ነባር አክሲዮን ሁለት ስላለው 11 ሩፒ ደረሰው ማለት ነው፤ የ10 በመቶ ዕድገት። የ1969ኙ ጥናት ከሚያጸናቸው ወገን ነው፤ ያጸናው ግን ያቺ 1 ሩፒ እንጂ ወረቀቱ አይደለም። በዲሴምበር 2024 የኮምፒዩተር አገልግሎት ኩባንያው ዊፕሮ አንድ ለአንድ ሰጠ፤ የባለአክሲዮኑን እጅ የሞላው ግን በጃንዋሪ 2025 ከትርፉ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ለማከፋፈል ያሳለፈው ሌላ ውሳኔ ነው። በ1994 የተቋቋመው ኤች.ዲ.ኤፍ.ሲ. ባንክ ደግሞ የመጀመሪያ ቦነሱን የሰጠው በ2025 ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ቦነስ ከሕንድ ታላላቅ ባንኮች አንዱ ሆኖ አድጓል።

ወደ እኛ ጉባኤ

በኢትዮጵያ ነገሩ የሚታወቀው በሌላ መልኩ ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ቀድሞ 500 ሚሊዮን፣ በኋላ 2 ቢሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 5 ቢሊዮን ብር አደረገው፤ ለነባር ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቀነ ገደብ ሰጠ። ስለዚህ በየጉባኤው ትርፍ ወደ ካፒታል ይዙር የሚለው ሐሳብ ይቀርባል። ግብሩም ይገፋል፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዲቪደንድ ላይ 10 በመቶ ሲጥል፣ ያልተከፋፈለና መልሶ ሥራ ላይ ያልዋለ ትርፍንም በ10 በመቶ እንዲገብር አድርጎ ነበር። ብራንዳይስ ያነሡት ጥያቄ እዚህም አለ ማለት ነው።

ወደ አክሲዮን የዞረ ትርፍ ለባለአክሲዮኑ ስጦታ ሳይሆን የራሱ ገንዘብ ነው፤ ባንኩ አቆየለት። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባንኩ ባቆየለት ብር ምን ያህል ያተርፍበታል ተብሎ ነው። የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው በ2014 እና በ2015 ዓ.ም.፣ ከካፒታሉ 20 በመቶ ያተረፈ ባንክ የባለአክሲዮኑን ሀብት በቁጥር ጨምሮ በመግዛት አቅም ቀንሶታል። “ባለ1,000 ብር አክሲዮን ይህን ያህል ብር አስገኘ” የሚለው ሪፖርትም ያሳስታል፤ መለኪያው ፓር ዋጋ ስለሆነ መጠባበቂያው ተዘንግቷል። አክሲዮኑ ከ1,000 ብር በላይ እንደሚያወጣ፣ በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮኖች በጨረታ ሲሸጡ ከፓር በላይ ያገኙት ዋጋ አሳይቷል።

ቦነስ በእኛ አገር አንድ እውነተኛ ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባንኮች ለነባር ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት በፓር ዋጋ ነው። ለምሳሌ አንድ አክሲዮን በሒሳብ መዝገብ 1,600 ብር ቢያወጣና በ100 ነባር አክሲዮኖች ላይ 100 አዲስ በ1,000 ብር ቢሸጥ፣ የሁሉም አማካይ 1,300 ይሆናል። የገዛ ሰው በእያንዳንዱ አዲስ አክሲዮን 300 ብር ያተርፋል፤ ገንዘብ አጥቶ ያልገዛው በእያንዳንዱ አክሲዮን 300 ብር ያጣል። ጡረታ የወጣው ባለአክሲዮን ሳያውቀው ባለሀብቱን ይደጉማል። በዚያው ልክ ካፒታሉ በቦነስ ቢያድግ ግን ማንም አይጎዳም፤ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ቦነስ ሀብት ባይፈጥርም ከደካማው ሀብት አያሸሽም።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። ገበያው ሲሰፋ የቦነስ ማግስት የዋጋ መውረድ በእኛም አገር በዐይን ይታያል፤ ያን ቀን ተዘረፍን የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ቦርዱ ቦነስ ሲያቀርብ ባለአክሲዮኑ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ሊጠይቅ ይገባል፦ በአዲሱ ብዛት ላይ የሚመጣው ዓመት ዲቪደንድ በአንድ አክሲዮን ስንት ይሆናል? የቆየው ትርፍ የት ሥራ ላይ ውሎ ከዋጋ ንረቱ በላይ ስንት ያመጣል? ዳይሬክተሮችና ትልልቅ ባለድርሻዎች በማስታወቂያው ሰሞን ሸጠዋል ወይ? ለሦስቱ መልስ የያዘ ቦርድ ቦነስ ባይሰጥም ባለአክሲዮኑ አይጎዳም፤ መልስ የሌለው ቦርድ ለአንድ አምስት ቢያድልም አይጠቅመውም።